ሆዷን ሳታዩ አትግዙ

ቡታጅራ ተቀምጦ የጀልባ ጥገና ቪዲዮ የሚያይ ሰው ያስቃል። ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ እውነታቸውን ነው። ለከተማችን ቅርብ የሆነው ሐይቅ ሐረ ሼጣን ነው። እሱም ቢሆን ከገደሉ አፍ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ውኃው ጋ አይደርስም እየተባለ የሚወራለት ነው። ድንጋይ ያልደረሰበት ጀልባ ከየት ይደርሳል? ጀልባ ያማረው ወደ ዝዋይ መውረድ አለበት።

እኔ ግን አንድ ሰሞን ስልኬ ላይ የማየው ይህንኑ ነበር፦ ከውኃ ወጥታ መሬት ላይ የቆመች ባለ ሸራ ጀልባ፣ ከሥሯ ተንበርክኮ ሆዷን የሚመረምር ሰው። የሳበኝ ነገር ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና የሚሄደው መንገድ ከተማችንን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ፣ ያደግነው ጋራዥ እያየን ነው። ሰውየው የሚሠራውም የእኛ ሰፈር መካኒክ ከአይሱዙ ሥር ተንጋሎ የሚሠራውን ነው።

ነገሩን ላስረዳችሁ። ባለ ሸራ ጀልባ ከሆዷ ሥር እንደ ዓሣ ክንፍ ወደ ታች የወረደ ከባድ ነገር አላት፤ ኪል ይባላል። ብዙ ጊዜ ከእርሳስ ወይም ከብረት ይሠራል፤ በብዙዎቹ ጀልባዎች ከጠቅላላው ክብደት ሲሶውን ያህል ይይዛል። ሥራው ሁለት ነው። ነፋስ ሸራውን ሲገፋ ጀልባዋ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት ይይዛታል፤ ስታዘነብል ደግሞ ክብደቱ መልሶ ያቆማታል። ገፍታችሁ ብትጥሉት ተመልሶ የሚነሳውን አሻንጉሊት አስታውሱ። እሱን የሚያነሳው ሥሩ ላይ ያለው ክብደት ነው።

በብዙ ዘመናዊ ጀልባዎች ይህ ሁሉ ክብደት ከጀልባዋ ሆድ ጋር የተያያዘው በቡሎን ነው። ጀልባዋ ከድንጋይ ጋር ስትጋጭ ከላይ ለሚያያት ምንም አልሆነችም። ሸራው ቆሟል፣ ቀለሙ ያበራል። ጉዳቱ ያለው ኪሉና ሆዷ በሚገናኙበት ቦታ፣ ከዚያም አልፎ ከውስጥ በኩል ነው። ስለዚህ በክሬን ተነስታ ከውኃ ትወጣለች። ኪሏ ግንድ ላይ ያርፋል፣ ጎንና ጎኗ ይደገፋል። ባለሙያው ቀለሙን ይፍቃል፤ የዝገት እንባ የወረደበትን ቦታ ይፈልጋል፤ በትንሽ መዶሻ እያንኳኳ ድምፁን ያዳምጣል። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የተላቀቀው ግን ድፍን ያለ ነው። ከዚያ መድረቅ አለባት። ፋይበር ግላስ እርጥብ ከሆነ ማጣበቂያው አይዘውም። ቡሎኖቹ ካጠራጠሩ ጀልባዋ ከኪሏ ላይ ተነስታ አንድ በአንድ ይታያሉ። ቀለም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የሚቸኩል ሰው ግን ከቀለሙ ይጀምራል።

መቸኮል ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2014 ቺኪ ራፊኪ የተባለች የእንግሊዞች የሸራ ጀልባ ከካሪቢያን ወደ አገሯ ስትመለስ አትላንቲክ ውቅያኖስ መሀል ላይ ኪሏ ወለቀ። ጀልባዋ ተገልብጣ ተገኘች፤ አራቱ ተጓዦች ግን አልተገኙም። የሕይወት አድን ጀልባቸው እንኳ አልተፈታም፤ እዚያው ውስጥ ነበር። የብሪታንያ የባሕር አደጋ መርማሪዎች በኋላ ባወጡት ሪፖርት፣ ጀልባዋ ከዚያ በፊት በተደጋጋሚ ከመሬት ጋር መጋጨቷና ከዚያ በኋላ የተደረጉላት ጥገናዎች ተደማምረው ኪሉ የሚያያዝበትን አካል ሳያዳክሙት እንዳልቀሩ ገለጹ። ልብ በሉልኝ! ያልተጠገነች ጀልባ አይደለችም። የተጠገነች ናት።

ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው እንዳትሉ። የጣና ታንኳ ኪል የላትም፤ ከደንገል የተሠራች ናት። ግን የጣና ሰው አንድ ነገር ያውቃል፦ ደንገል ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ ታንኳዋ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ትወጣለች፣ ፀሐይ ላይ ትደርቃለች። እንዲህም ሆኖ ዕድሜዋ አጭር ነው። ባለቤቷ ይህን ስለሚያውቅ ያረጀችውን ቀለም ቀብቶ አዲስ ናት አይልም።

ይኸው የጣና ደንገል ራሱ አትላንቲክን ቀዝፏል። ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌጂያዊ የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ደንገሉን ከጣና ወደ ግብፅ አስወሰደ። ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ሠሩለት፤ ስሟም ራ ተባለ። እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 1969 ሰባት ሰዎችን ይዛ ከሞሮኮዋ የሳፊ ወደብ ተነሳች። በጥንቱ የግብፅ አሠራር ወደ ላይ የተቆለመመውን የጀልባውን ኋላ ከወለሉ ጋር ወጥሮ የሚይዝ ገመድ ነበረ። ለዓይን ጌጥ ይመስላል፤ ሥራው ግን ኋላዋ እንዳይሰምጥ መያዝ ነው። ራ ላይ ይህ ገመድ አልነበረም። ሳምንታት ሲያልፉ ኋላዋ ወደ ውኃው ሰመጠ፣ ማዕበሉ በታተናት፤ ካሪቢያን ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ጥለዋት ወጡ። በዓመቱ ከቦሊቪያው ቲቲካካ ሐይቅ በመጡ ባለሙያዎች የተሠራችው ራ 2 ግን በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመልሳችሁ። የአክስቴ ልጅ እቁብ ወጣለት። ቴሌግራም ላይ አንዲት ባጃጅ አየ፤ ቀለሟ እንደ መስተዋት፣ ወንበሯ አዲስ፣ ዋጋዋም ከገበያው ወረድ ያለ። ደላላው «ዛሬ ካልያዝካት ነገ የለችም» ይለዋል። ልጁ ቀብድ ሊልክ ስልኩን አንስቷል። እባክህ መጀመሪያ ሰው ይያት ብዬ ለምኜ አንድ ጋሼ የምንላቸው መካኒክ ጋ ወሰድናት።

ጋሼ ሞተሯን እንኳ አላስነሱም። ባጃጇን በጎኗ አስተኟት። ወለሏን ከታች በጨርቅ ጠረጉና በመፍቻ ጫፍ ማንኳኳት ጀመሩ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ... ከዚያ ዱብ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ብረት አይደለም፤ ስቱኮ ነው» አሉት።

«ጋሼ፣ ቀለሟ እኮ አዲስ ነው!»

«ለዚህ ነዋ የተቀባችው።»

ስቱኮው ሲፈቀፈቅ የተሰበረ ሻንሲ ላይ በጥድፊያ የተጣለ ብየዳ ወጣ። ልጁ ተዋት። ደስ ብሎት ግን አይደለም። ገንዘቡ እጁ ላይ ነው፤ የቤት ወጪው በየቀኑ ይቆነጥረዋል፤ የባጃጅ ዋጋም ቆሞ አይጠብቀውም። ደላላው ፎቶዋን በሌላ መግለጫ መልሶ ለጠፋት፤ በሳምንቱ ተሸጠች። ዛሬ በከተማችን ሰው ጭና ስታልፍ አንዳንዴ አያታለሁ። የገዛት ልጅ ምን እንደነዳ የሚያውቅ አይመስለኝም። ከኋላው የሚቀመጡት እናቶች ደግሞ ጭራሽ አያውቁም።

ስለዚህ ባጃጅም ሆነ ሞተር፣ ሚኒባስም ሆነ መኪና ልትገዙ ያላችሁ ስሙኝ። ሊብሬና ቦሎ ማየት አስፈላጊ ነው፤ ሻንሲው ተበይዶ እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። «ተጋጭታ ታውቃለች?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀጥላችሁም «የት ተጠገነች? ማን ጠገናት?» በሉ። የተጠገነ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ በደንብ የተበየደ ሻንሲ ብዙ ያገለግላል። በደንብ የጠገነ ሰው ሥራውን ለማሳየት አያፍርም፤ የሚደብቅ ሰው ምክንያት አለው። ከሻጩ ጋር ዝምድና የሌለው መካኒክ ውሰዱ፤ የሚከፈለው ከቀብዱ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ሻጩ በጎኗ ትተኛ ወይም በክሪክ ትነሳ ስትሉት ሰዓት ካጣ፣ እናንተም ገንዘብ እጡ።