ባለሰፊ ንክኪ ስክሪን “ኦል ኢን ዋን” ኮምፒውተር ለቤት ይሆናልን?

በከተሞች የኮምፒውተር መሸጫ ሱቆች ቴሌቪዥን የሚመስል፣ ሳጥኑ ግን የትም የማይታይ ኮምፒውተር መደርደሪያ ላይ ቆሞ ይታያል። “ኦል ኢን ዋን” ይሉታል። ማዘርቦርዱ፣ ሃርድ ዲስኩ፣ ድምፅ ማጉያውና ካሜራው በሙሉ ከስክሪኑ ጀርባ ገብተዋል። ስክሪኑ በጣት ሲነካ የሚታዘዝ ሲሆን ደግሞ የገዥውን፣ ከገዥውም ይልቅ የልጆቹን ልብ ይስባል። የእህል ሽያጭ ገንዘብ ወይም ከውጭ ሀገር ዘመድ የተላከ ብር አንድ ጊዜ የሚወጣበት ዕቃ በመሆኑ ግን፣ ከውበቱ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ጥያቄ መብራት ነው። ኦል ኢን ዋን እንደ ላፕቶፕ ባትሪ የለውም፤ ኃይል በተቋረጠበት ቅጽበት ይጠፋል። ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል፤ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ከሆነ ዲስኩም በተደጋጋሚ መቋረጥ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ዋጋው ሲሰላ የዩፒኤስ ዋጋ አብሮ መደመር ይኖርበታል። ብዙዎች ስታቢላይዘር ከገዙ በቂ ይመስላቸዋል፤ ስታቢላይዘር ከፍና ዝቅ የሚለውን ኃይል ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን አያቆይም። ዩፒኤስም ቢሆን ሥራን አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቁ ደቂቃዎችን ነው የሚሰጠው።

የኃይል ፍላጎቱ በአዳፕተሩ ላይ ተጽፏል። ለምሳሌ 19.5 ቮልትና 7.7 አምፔር የሚል ከሆነ፣ ሁለቱ ሲባዙ 150 ዋት ገደማ ይሆናል። ይህ ከፍተኛው መጠን ነው፤ ዘወትር ያን ያህል አይወስድም። ቢሆንም አምፖል ለማብራትና ስልክ ለመሙላት የተገጠመ አነስተኛ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ይህን አይሸከምም። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ የሚኖር አርሶ አደር ላፕቶፕ ቢመርጥ ይሻለዋል። ከአሜሪካ የተላከ ዕቃ ሲሆን ደግሞ አዳፕተሩ “100–240 ቮልት” የሚል ጽሑፍ እንዳለው ሳይታይ ከ220 ቮልት ሶኬት ጋር መገናኘት የለበትም።

ስፋቱን በተመለከተ፣ የስክሪን ኢንች የሚለካው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ነው። 24 ኢንች ወደ 61 ሴንቲ ሜትር፣ 27 ኢንች ደግሞ ወደ 69 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሰፊ ሁሉ ጥሩ አይደለም። 1920 በ1080 ነጥብ ያለው ምስል በ24 ኢንች ላይ ጥርት ሲል፣ በ27 ኢንች ላይ ነጥቦቹ ስለሚሰፉ ከቅርብ ሲነበብ ጠርዙ ይሻክራል። እንደ “ጿ” እና “ኋ” ያሉ ቅጥላቸው የበዛ የግእዝ ፊደላት ይህን ቶሎ ያጋልጣሉ። ገዥው በሱቁ ውስጥ የአማርኛ ጽሑፍ አስከፍቶ በአነስተኛ ፊደል ቢያነብ ከሻጩ ማብራሪያ የተሻለ መልስ ያገኛል።

ንክኪው ለሕፃናት ሥዕልና ጨዋታ፣ በመዳፊት ላልለመዱ አረጋውያንም የቪዲዮ ጥሪ ለመቀበል ይጠቅማል። ረጅም ጽሑፍ ለሚጽፍ ተማሪ ግን ብዙም አይረዳም፤ ቀጥ ብሎ በቆመ ስክሪን ላይ እጅን ዘርግቶ መሥራት ክንድን ያዝላል። ሌላም ነገር አለ። በአንዳንድ የቆዩ ሞዴሎች ንክኪውን የሚያውቁት በስክሪኑ ጠርዝ የተደበቁ የብርሃን መቀበያዎች ናቸው። እነዚህ ላይ አቧራ ሲጠራቀም ወይም ዝንብ ስታርፍ ስክሪኑ እንደተነካ ይቆጥረዋል። መለያው ቀላል ነው፤ በእርሳስ ጫፍ ሲነካ የሚታዘዝ ከሆነ የዚያ ዓይነት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በ“ፔይንት” ውስጥ ከዳር እስከ ዳር በጣት መስመር ማስመርም የሞተ ቦታ ካለ ያሳያል።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው የፕሮሰሰሩን ቁጥር ይመልከት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በአብዛኛው ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው የሚቀበለው። “አይ 5–8400” 8ኛ ትውልድ ሲሆን “አይ 5–4590” 4ኛ ነው። 8 ጊጋ ባይት ራምና ኤስኤስዲ ለቤት ሥራ ይበቃሉ።

ከባዱ ጉዳይ ጥገናው ነው። በዴስክቶፕ ሞኒተሩ ቢበላሽ ሌላ ሞኒተር ይሰካል፤ እዚህ ግን ስክሪኑ ከተሰበረ ኮምፒውተሩ፣ ማዘርቦርዱ ከተቃጠለም ስክሪኑ አብሮ ይቆማል። የንክኪ መስታወት ደግሞ ለሞዴሉ ብቻ የተሠራ በመሆኑ በቀላሉ አይገኝም። የኤችዲኤምአይ መግቢያ ያላቸው ጥቂት ሞዴሎች ኮምፒውተሩ ቢሞት እንኳ ስክሪናቸው ለሌላ መሣሪያ ያገለግላል፤ ብዙዎቹ ያላቸው ግን መውጫ ብቻ ነው። መብራት በየጊዜው ለሚቆራረጥበት፣ ባለሙያም ሩቅ ለሆነበት ቤት ላፕቶፕ ወይም ሞኒተሩ የተለየ ዴስክቶፕ የተሻለ ምርጫ ነው። ኦል ኢን ዋን የሚስማማው ቦታ ለጠበበው፣ ኮምፒውተሩን በሳሎን በጋራ ለሚጠቀምና ዩፒኤስ ለጨመረ የከተማ ቤተሰብ ነው።

እርሱም ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ ከምድጃ ጭስና ከመስኮት አቧራ ርቆ መቀመጥ አለበት፤ ሙቀቱ የሚወጣው በጀርባው ባሉት ጠባብ ቀዳዳዎች ነውና።