መኪናዎ ሲያንኳኳ «ማነው?» ይበሉ

በር ሲንኳኳ «ማነው?» ሳንል አንከፍትም። አሮጌ መኪና ከሥሩ ኳ፣ ኳ ማለት ሲጀምር ግን ብዙዎቻችን ወይ ራዲዮኑን ከፍ አድርገን እንነዳለን፣ ወይ ጋራዥ ወስደን «የሚቀየረውን ቀይሩልኝ» እንላለን። ሁለተኛው ገንዘብ ያስከፍላል፤ የመጀመሪያው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። እኔ መሐንዲስ እንጂ መካኒክ አይደለሁም፤ ሆኖም አሮጌ መኪና ስነዳ ዓመታት ስላለፉኝ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

እንደ ኮሮላና ካምሪ ያሉ መኪኖች የፊት እግራቸው አሠራር ተመሳሳይ ነው። አሞርዛተሩ በሞላው መሐል ቆሞ ላዩ በላስቲክ ትራስ ከመኪናው አካል ጋር፣ ታቹ ጎማውን ከተሸከመው ብረት ጋር ይታሰራል። ያንን ብረት ከሥር የሚይዘው ክንድ በአንድ ጫፉ ቦል ጆይንት፣ በሌላው ጎሚኒዎች አሉት። መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያጋድል ግራና ቀኙን የሚያገናኝ ዘንግም አለ፤ እሱም በሁለት አጫጭር ማያያዣዎች ይያዛል። ከእነዚህ መገጣጠሚያዎች አንዱ ሲላላ ነው የሚያንኳኳው። በቀዝቃዛ አገሮች በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ብረቱን፣ በዓረብ አገሮች ደግሞ ሙቀቱ ላስቲኩን ይጨርሰዋል።

ስለዚህ «ምን ይቀየር?» ከማለት በፊት «መቼ ነው የሚያንኳኳው?» ብለን እንጠይቅ። በቅድሚያ የኋላውን ዕቃ መጫኛ ባዶ ያድርጉ፤ ያልታሰረ ክሪክ ብዙ ሰው አሳስቷል። ከዚያ ያዳምጡ።

በቀስታ ሲነዱ በትናንሽ ጉድጓዶች ላይ ቶሎ ቶሎ ካንኳኳ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት የዘንጉ ማያያዣዎች ናቸው። ሲነሱ ወይም ፍሬን ሲይዙ አንዴ ብቻ ጓ ካለ፣ የክንዱን ጎሚኒ ይጠርጥሩ። ቆመው መሪ ሲያዞሩ ከተሰማ፣ የአሞርዛተሩን የላይኛ ትራስ ይመልከቱ። ፍሬኑን ለስለስ አድርገው ሲረግጡ ዝም ካለ ደግሞ ነገሩ ከፍሬን ሸራው አካባቢ ነው።

አንድ ወዳጄ ለ16 ዓመት መኪናው ሁለቱም አሞርዛተሮች ይቀየሩ ተብሎ ነበር። አየናቸው፤ ዘይት አላፈሰሱም። የመኪናውን አፍንጫ ተጭነን ስንለቀውም አንዴ ተነስቶ ረጋ። መሪውን ጥግ ድረስ አዙረን ማያያዣውን በእጄ ስነቀንቀው፣ ኳ! አለ። የተቀየረው እሱ ብቻ ነበር፤ ዋጋውም ከአሞርዛተር ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ቀን የማይሰጠው ቦል ጆይንት ነው። ከቦታው ከወጣ ጎማው ይታጠፋል፤ መሪም አይታዘዝም። ለመፈተሽ መኪናውን በክሪክ አንስተው በብረት መቆሚያ ላይ ያሳርፉት፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ከቶ አይግቡ። ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁ። ፈረንጆች «12 እና 6 ሰዓት ላይ ያዙ» ይላሉ፤ በእኛ አቆጣጠር 6 እና 12 ስለሚሆን ያው ነው! ከተንቀሳቀሰ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ ንቅናቄው ከቆመ የላላው የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልቆመ ግን ቦል ጆይንቱን ይጠርጥሩ፤ ሳይቀየር ወደ አውራ ጎዳና አይውጡ። በግራና በቀኝ ይዘው ሲነቀንቁ ብቻ የሚላላ ከሆነ ቲራንቲው ነው፤ እሱም የመሪ ነገር ስለሆነ አይታለፍም፤ ሲቀየርም የጎማው አቅጣጫ መስተካከል አለበት።

በጀርመን አሮጌ መኪና በየሁለት ዓመቱ፣ በእንግሊዝ በየዓመቱ ይመረመራል። በአሜሪካ ግን እንደ ግዛቱ ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ቴክሳስ በ2025 የግል መኪኖችን የደኅንነት ምርመራ አስቀርተዋል። እዚያ የሚነዳ ሰው መርማሪው ራሱ ነው። ወደ ጋራዥ ሲሄዱም «ያንኳኳል» ብቻ ሳይሆን መቼ፣ በየት በኩል፣ ምን ሲያደርጉ እንደሚያንኳኳ ተናግረው፣ ይቀየር የተባለው ዕቃ ሲነቃነቅ በዓይንዎ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ።

ቸር ያሰማን!