የቀልደኛው አለቃ ሽብሸባ

በደቡብ ጎንደር አለቃ ገብረ ሐናን የማያውቅ ሰው ማግኘት ይቸግራል። አንበሳሜ ገበያ ላይ፣ ደብረ ታቦር ጠላ ቤት ውስጥ፣ ለቅሶ ቤትም ቢሆን ሐዘኑ በረድ ሲል፣ አንዱ «አለቃ ገብረ ሐና አንድ ቀን...» ብሎ ሲጀምር የሁሉም ፊት ይፈታል። ቀልዱ ሳይነገር ሣቅ የሚቀድመው ብዙ ነው። እኚሁ ሰው ዛሬም በየበዓሉ ሌሊት መቋሚያና ጸናጽል ይዘው የሚቆሙ ሊቃውንት የሚሸበሽቡበትን አንድ ስልት የፈጠሩ መምህር መሆናቸውን ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ስልቱ የተክሌ አቋቋም ይባላል፤ ቤቱም ደብረ ታቦር ነው። ለአንባቢ ላስተዋውቅ የተነሣሁት እሱን ነው።

አለቃ የተወለዱት ፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ ነው፤ ዘመኑም 1814 ዓ.ም እንደ ነበር ይነገራል። ፎገራ ከእኛ ከደራ ወረዳ ጋር የሚዋሰን፣ ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሲወርዱ ደለላቸውን የሚያራግፉበት ሜዳ ነው። ክረምት ሲገባ ውሃ ይተኛበታል። የዛሬው የሩዝ ማሳ በእርሳቸው ዘመን አልነበረም፤ ከብቱ፣ ደንገሉና ሐይቁ ግን ነበሩ። የሽብሸባው ነገር ከዚህ ውሃና ከዚህ ደንገል ጋር ስለሚያያዝ አንባቢ ቦታውን በልቡ ይያዝልኝ።

ያደጉት መሳፍንቱ እርስ በርስ በሚዋጉበት ዘመን ነው። ራስ ጉግሣ የቆረቆሯት ደብረ ታቦር የየጁ መሳፍንት መቀመጫ ሆና ነበር። ቀጥሎ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም ነገሡ፤ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን መድፍ አስቀለጧቸው። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ከዚያ ተነሥቶ ነው መቅደላ የደረሰው። ንጉሠ ነገሥቱ በመሬትና በካህናት ቁጥር የተነሣ ከጎንደር ካህናት ጋር ክፉኛ ተጣሉ፤ በ1859 ዓ.ም የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ። አለቃ በጎንደር በአታ ለማርያም ሲያስተምሩ የነበሩት በዚህ ሁሉ መካከል ነው። ከቴዎድሮስ በኋላ ዐፄ ዮሐንስን፣ ከዚያም ዐፄ ምኒልክን አይተዋል። በሦስት ነገሥታት ዘመን አንደበቱን ሳያስር የኖረ ሰው ቀልዱ ቢበዛለት አይገርምም።

በብዙ መልኩ ከሚነገሩት ቀልዶች አንዱን እዚህ ላንሣ። አንድ ባላገር አህዮቹን እየነዳ ሲሄድ አለቃ መንገድ ላይ ያገኙታል። «እንደምን አደራችሁ?» ይሉታል። ሰውየው እጅ ነሥቶ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ የታወቁት ሊቅ ሰላም ስላሉት ደስ ብሎት ቤቱ ይገባል። ለሚስቱ ሲያወራላት «ከአንተ ጋር ሌላ ማን ነበረ?» ትለዋለች። «ማንም አልነበረም። እኔና አህዮቹ ብቻ ነን» ይላል። ነገሩ የገባው ይህን ከተናገረ በኋላ ነው።

ቀልዱ ውስጥ ስድብ የለም፤ ጩኸትም የለም። አንድ ሰላምታ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ከተለመደው ቃል አልወጣም። ይህ የቅኔ ቤት ልጅ ሥራ ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ተማሪ ሰሙን እያየ ወርቁን ሲፈልግ ዓመታት ያሳልፋል፤ ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ነገር ሲያይ ከላይ የሚታየውን ብቻ አያይም። አለቃ መንገድ ላይ የሚሄደውን ሰው አይተዋል፤ አህዮቹንም አብረው ቆጥረዋቸዋል። እኔ የምለው፣ ቀልዱም ሽብሸባውም የመጡት ከዚሁ ከማየት ልማድ ነው። ሰዎች ግን ሁለቱን ነጥለው ቀልዱን ወሰዱ፤ ሽብሸባውን ለካህናት ተዉት።

እርግጥ በእርሳቸው ስም የሚነገረው ሁሉ የእርሳቸው አይደለም። ባለቤት ያጣ ቀልድ ሁሉ አለቃ ገብረ ሐና ቤት ይገባል። በቱርክ አገርም እንዲሁ ነው፤ የአክሼሂሩ ናስረዲን ሆጃ ያላለው ቀልድ የለም ማለት ይቻላል። አረቦች ተመሳሳዩን ቀልድ ለጁሃ ይሰጡታል። የእኛው አለቃ ከእነዚህ የሚለዩት ከቀልድ ሌላ፣ ተማሪ ተቀብሎ የሚያስተምር፣ ጉባኤ ያለው፣ አስመስክሮ የሚያስወጣ ሙያ ትተው በመሄዳቸው ነው።

ሕዝብ የሚያሥቀውን ሰው ያምናል። «ይህን ተመልከቱ» ሲለው ዞሮ ይመለከታል። ኮሜዲያን አለባቸው ተካ በቴሌቪዥን ዝግጅቱ በአለቤ ሾው ሰውን እያሣቀ የችግረኛን ኑሮ ያሳይ ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ ኮሜዲያን እሸቱ መለሰ በዩቲዩብ ዝግጅቱ በዶንኪ ቲዩብ የሚያስተምሩ እንግዶች ያቀርባል፤ ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ እርዳታ ሲጠይቅ ሕዝቡ እጁን ዘርግቷል። አለቃ ገብረ ሐና ቴሌቪዥን አልነበራቸውም። «ተመልከቱ» ያሉትም የጣናን ሞገድ ነበር።

ስልቱን ለመረዳት አስቀድሞ አቋቋም ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የቤተ ክርስቲያን ዜማ አባት ቅዱስ ያሬድ ነው፤ በስድስተኛው መቶ ዘመን አክሱም ላይ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን ሦስት የዜማ ዓይነቶች ሰጥቶናል። ያንን ዜማ በድምፅ ብቻ ሳይሆን በሰውነት ማቅረብ ነው አቋቋም። ማኅሌት የሚቆሙት ሊቃውንት በግራና በቀኝ ይሰለፋሉ፤ ግራ ጌታና ቀኝ ጌታ በየወገናቸው ይመራሉ። መጀመሪያ ቁም ዜማ ነው፤ ከበሮ የለም፣ ጸናጽል የለም፣ የሰው ድምፅ ብቻ ይሄዳል። ዝማሜ ሲመጣ መቋሚያው ይነሣል፤ ሰውነት ከመቋሚያው ጋር ዘንበል ቀና ይላል። ከዚያ ከበሮው ይገባል። ንዑስ መረግድ ቀስ ያለ ነው፤ ዐቢይ መረግድ ይሞቃል። ወረቡ ደርሶ ጽፋት ሲባል ምቱ ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይደራል፣ ከወዲያ በኩል እናቶች እልልታውን ያቀልጡታል።

ከበሮው ራሱ ትምህርት ነው። አንዱ አፉ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ነው። መምህራን ሲያስረዱ ሰፊው የመለኮቱ፣ ጠባቡ የትስብእቱ ምሳሌ ነው ይላሉ። ዙሪያውን ቁልቁል የወረደው ጠፍር ጌታ የተገረፈበትን ጅራፍ ያስታውሳል። ከበሮ መቺው ማንገቻውን አንገቱ ላይ አድርጎ ሲነሣ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ ሲመታ የነበረው ከበሮ ከሰውየው ጋር ይነሣል። ከዚያ በኋላ እግሩ የሚያርፍበትና እጁ የሚያርፍበት ጊዜ አንድ ካልሆነ ማኅሌቱ ሁሉ ይበላሻል። ምቱን በቁጥር ይዞ የሚሸበሽብ ሰው አላየሁም። ሰውነቱ ነው የሚያውቀው።

እንግዲህ ጎንደር ለዚህ ሙያ የቆየ የራሱ መንገድ ነበረው፤ ላይ ቤትና ታች ቤት እየተባለ የሚጠራ። አለቃም የተማሩት፣ ያስተማሩትም እዚያ ነው። እንደሚነገረው ከጎንደር ርቀው በጣና ደሴቶች በተቀመጡበት ጊዜ ሐይቁን ሲያዩ ይውላሉ። ሞገዱ ይመጣል፣ ይመለሳል። ዳር ላይ የበቀለው ደንገል አብሮት ወደ አንድ ጎን ዘንበል ይልና ሳይሰበር ይመለሳል። ጣና ዳር ያደገ ሰው ይህን ሺህ ጊዜ አይቶታል። አጭደን ታንኳ እንሠራበታለን፤ የምናየው ለዚያ ብቻ ነው። አለቃ ግን በውስጡ ማኅሌት ሰሙበት። የጎንደሩ እንቅስቃሴ ይበልጡን ወደ ላይና ወደ ታች ሲሆን እርሳቸው ወደ ጎንና ወደ ጎን የሚሄድ፣ መቋሚያው፣ ትከሻውና አንገቱ ተያይዘው እንደ ደንገሉ የሚያዘነብሉበትን ስልት አወጡ። ዜማው የያሬድ ነው፤ አልነኩትም። የለወጡት ሰውነቱ የሚሄድበትን መንገድ ነው።

የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም። ብዙ ሰው ይህን ሲያወራ ጎንደሮችን ይወቅሳል፤ እኔ አልወቅስም። ለዜማው ምልክት አለው፤ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሠርተውለታል፣ ብራና ላይ ይጻፋል። እንቅስቃሴው ግን አይጻፍም። ከመምህሩ ሰውነት ወደ ተማሪው ሰውነት ነው የሚተላለፈው። እንዲህ ያለ ነገር ለሚጠብቁ ሰዎች አዲስ ነገር ሁሉ ያስፈራል፤ አንድ ትውልድ ከረሳው የሚመለሱበት መጽሐፍ የለምና። ስለዚህ እምቢ አሉ። አለቃም በግድ አልጫኑባቸውም። ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ተክሌም ይዘውት ወደ ደብረ ታቦር ወጡ፣ እዚያ ወንበር ዘርግተው አስተማሩ። ስልቱም በአባት ስም ሳይሆን በልጅ ስም ተጠራ። በአገራችን ልጅ በአባቱ ስም ሲጠራ ኖሯል፤ እዚህ ላይ የአባት ሥራ በልጁ ስም ቆመ።

ደብረ ታቦር ለዚህ ሥራ የተገባች ቦታ ነበረች። ደቡብ ጎንደር የአብነት ትምህርት አገር ነው። ድጓ የሚመሰከርባት ቤተልሔም ጋይንት ናት። የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ዙር አምባም በዚሁ በደቡብ ጎንደር ነው። የአቋቋም ተማሪ ንባቡን፣ ዜማውን ጨርሶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ከጉና ተራራ ግርጌ ወዳለችው ደብረ ታቦር ሲወጣ አዲስ አገር አልሆነበትም። በብርዳሟ ከተማ ጎጆ ቀልሶ፣ ቀን ቁራሽ ለምኖ፣ ሌሊት መቋሚያ ይዞ ይቀጽላል። የሚማረው ሁሉ በቃል ነው። የዓመቱ በዓላት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁም፣ ዝማሜ፣ መረግድ አላቸው፤ ሁሉንም በቃሉ እስኪይዝ ዓመታት ይሄዱበታል። ሲበቃው ያስመሰክራል። «ተክሌን አስመስክሮ መጣ» የተባለ መሪጌታ በየትኛውም ደብር ቢሄድ ወንበር አያጣም።

ልዩነቱን ለማየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ነሐሴ 12 ለ13 ሌሊት፣ ደብረ ታቦር ላይ የደብረ ታቦር በዓል ሲከበር ይሂዱ። ስሙም በዓሉም አንድ በሆነበት ቦታ ማኅሌት መቆም ለብቻው ደስታ አለው። ክረምት ነው፤ ጭጋጉ ከጉና ይወርዳል፤ ጋቢ ይያዙ። ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ መቋሚያዎቹን ይመልከቱ። ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብሉ አንዱ ከሌላው አይቀድምም። ቀጥሎ አንገታቸውን ይዩ፤ ከዚያ እግራቸውን። ሽማግሌዎቹ ላይ ዓይንዎን ይጣሉ፤ ወጣቶቹ ጉልበት አላቸው፣ ሽማግሌዎቹ ግን ሲያዘነብሉ አይቸኩሉም፣ ሲመለሱም አይቸኩሉም። ከዚያ በኋላ ጥር 11 የጥምቀት ዕለት ሊቃውንቱ ታቦት ሲያጅቡ ያያሉ። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ፎቶ አንሺው ሁሉ የሚሻማው ግን ጃንጥላውንና ልብሱን ነው። የሊቃውንቱን እግር ፎቶ የሚያነሣ ጥቂት ነው።

የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። የአለቃ ገብረ ሐና ቀልዶች በመጽሐፍ ታትመዋል፣ በካሴት ተቀድተዋል፣ በስልክ ይዞራሉ። ለእነሱ አልሰጋም። አቋቋሙ ግን የሚኖረው በጥቂት መምህራን ጉልበትና ትከሻ ላይ ነው፤ እነሱም ያረጃሉ። በእጃችን ያለው ስልክ ሠርግና ልደት ሲቀርጽ ይውላል። ደብረ ታቦር፣ ወረታ፣ ሐሙሲት፣ አንበሳሜ ያላችሁ ወጣቶች፣ መምህራኑን አስፈቅዳችሁ አንድ በዓል ከቁሙ እስከ ጽፋቱ ሳይቆረጥ ቅረጹ። ሙሉ ሰውነታቸው ይታይ፤ ከወገብ በላይ ብቻ አታንሡ። የመምህሩን ስም፣ ከማን እንደ ተማሩ፣ የበዓሉን ቀን ጻፉበት፤ አንዱን ቅጂ ለደብሩ ስጡ። የአብነት ተማሪ በራችሁ ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ደግሞ ቁራሹን አትከልክሉት፤ ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነው ነገ ተክሌን የሚያስተምረው።