ነባር ውል ላይ የሚደርስ አዲስ ሕግ፦ የአከራይና የተከራይ ጉዳይ ከሲሬ ሲታይ

ከባኮ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሲሬ የሲቡ ሲሬ ወረዳ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለች ከተማ ቤት የሚከራየው ተመድቦ የመጣ መምህር፣ ነርስ ወይም ዳኛ፣ ከገጠር ቀበሌ ለትምህርት መጥቶ አንዲት ክፍል የሚይዝ ተማሪ ነው። አከራዩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በግቢው ጥግ ሰርቪስ የሠራ ጡረተኛ ወይም ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ናት፤ ውሉም በቃል ነው። ተስማምተው ከገቡ በኋላ፣ ተከራይ መቼና በምን ምክንያት እንደሚወጣ የሚደነግግ ሕግ ቢመጣ ነባሩንም ውል ይግዛ? በእኔ እምነት ነባር ውልን መንካት በራሱ በደል አይደለም። በደል የሚሆነው ሕጉ የተገኘን ሀብት ያለ ካሳ ሲወስድ ወይም መሸጋገሪያ ጊዜ ሳይሰጥ ሲደርስ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ረገድ ጠንቃቃ ነበር፤ አንቀጽ 3348 በግልጽ ካልተደነገገ በቀር ቀድሞ የተቋቋመው ሕጋዊ ሁኔታ ጸንቶ እንዲቀጥል ያዛል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ግን ሥሩን ነቀለው። የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆነ፣ ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ በግል ማከራየት ቀረ፣ አነስተኛው ኪራይ እስከ ግማሽ ወረደ። ለተከራዩ እውነተኛ እፎይታ ነበርና ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ቆጥባ ሁለት ክፍል ያሠራችውን ባልቴት ብዙ ቪላ ካለው መኰንን ጋር አንድ አድርጎ ቀጣ፤ ቃል የተገባው የትርፍ ቤት ካሳም ለአብዛኛው ባለቤት ሳይከፈል ቀረ። ለዓመታት ለኪራይ ብሎ ቤት የሚሠራ ጠፋ፤ የቀበሌ ቤቶችም እያረጁ ሄዱ። በ1987 የወጣው አዋጅ ቁጥር 110 ከሕግ ውጭ የተወሰደውን ንብረት ለማጣራት ነበር፤ በአዋጅ 47 መሠረት የተወረሰው አልተመለሰም።

በዚያው ዓመት ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 22 ወደ ኋላ ተመልሶ መሥራትን የከለከለው በወንጀል ሕግ ላይ ነው። ለቤት ባለቤት ያለው መከታ አንቀጽ 40 ሲሆን፣ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በሠራው ቤት ላይ ሙሉ መብት ይሰጠዋል፤ የንብረት መብት ለሕዝብ ጥቅም በሕግ ሊገደብ እንደሚችልም ይናገራል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና አስቸኳይ ጊዜ ደንብ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ከለከለ። አዲስ አበባ በ2013 ተመሳሳይ እገዳ ጥላ ደጋግማ አራዘመችው። መጋቢት 24 ቀን 2016 የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ጥበቃውን ቋሚ አደረገ፦ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ ብቻ ነው። ባለቤትነቱ ግን አይነካም፤ የተሰበሰበ ኪራይ አይመለስም፤ ኪራይ የማይከፍል ወይም ቤት የሚያበላሽ ተከራይ ይወጣል። ሕጉ የደረሰው ገና ባልተኖሩት ወራት ላይ ነው።

«ባለቤቱ በድሮው ሕግ ተማምኖ ነው ቁልፉን የሰጠው» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። ሆኖም ጥበቃው ለአዲስ ውል ብቻ ቢሆን፣ አከራዩ ሕጉ ከመጽናቱ በፊት ነባሩን ተከራይ ለማስወጣት በቂ ምክንያት ያገኛል፤ ሊጠበቅ የታሰበው ሰው ቀድሞ ይጎዳል። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1989 የነባር ውሎችን ኪራይ የቀነሰውን የኦስትሪያ ሕግ ተቀብሏል። እ.ኤ.አ. በ2006 ግን ኪራዩ ለቤቱ ጥገና እንኳ በማይበቃበት ሁኔታ በፖላንድ ላይ ፈርዷል። ሁለተኛው ተቃውሞ ቁጥጥር ቤት ያሳጣል የሚል ነው፤ 1967ን ማስረጃ አድርገው ያቀርባሉ። ያኔ የተወሰደው ቤቱ ራሱ ስለነበር ንጽጽሩ ሙሉ አይደለም። ግን የዓመቱ ጭማሪ ከሲሚንቶና ከቆርቆሮ ዋጋ እጅግ ከራቀ ስጋቱ እውን ይሆናል። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ ተከራይ በበዛባት፣ በግጭት የተፈናቀሉም በተጠለሉባት ነቀምቴ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ አዋጁ በወለጋ ከተሞች ሲተገበር ለቃል ውል በቂ የምዝገባ ጊዜ መስጠት፣ ምዝገባውን በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ማስረዳት፣ ከአንዲት ሰርቪስ ኪራይ ለሚኖር ባለቤትም ቤቱ ለራሱ ቤተሰብ ሲያስፈልገው በማስጠንቀቂያ የሚያስለቅቅበትን መንገድ ማኖር የግድ ነው።