በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ድርጅት ሲገዛ ገዢው አስቀድሞ ሊመረምረው ስለሚገባው ነገር

ክቡራን ነጋድያን እንደሚያውቁት፥ አንድ ሰው ሱቅ ሲገዛ መደርደሪያውን፣ ሚዛኑንና በመጋዘን ያለውን ዕቃ ቆጥሮ ይረከባል፤ የኪራዩን ውል አይቶ፣ የግብሩን ደረሰኝ ጠይቆ፣ ጎረቤቱን ስለ ሻጩ ጠባይ አነጋግሮ ገንዘቡን ይከፍላል። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው ልማድ መልካም ነው። ነገር ግን ዛሬ ለሽያጭ ከሚቀርቡት ድርጅቶች ከፊሎቹ መደርደሪያም መጋዘንም የሌላቸው ሲሆኑ፥ ሀብታቸው በኮምፒዩተር የተቀመጠ መዝገብና ከዚያ መዝገብ ተምሮ ግምት የሚሰጥ ፕሮግራም ብቻ ነው። ይህም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ነው።

ጉዳዩ ለድሬዳዋ ነጋዴ ሩቅ አይደለም። በአገራችን ያለ መያዣ ገንዘብ የሚያበድሩ ባንኮች ተበዳሪውን በዚሁ ዓይነት ፕሮግራም መመዘን ጀምረዋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ለኢትዮጵያውያን ተከልሎ የነበረው የወጪና የገቢ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በተወሰነ ሁኔታ ለውጭ ባለ ሀብቶች እንዲከፈት መመሪያ ስለ ወጣ፥ ድርጅት መግዛትና መሸጥ ከቀድሞው ይልቅ እንደሚበዛ መገመት ይቻላል።

ለምሳሌ ያህል፥ በመጋላ የሚነግድ አንድ አስመጪ ሩዝ፣ ዘይትና ሳሙና ለባለ ሱቆች በዱቤ ያከፋፍላል እንበል። አንድ ሰው ቀርቦ፥ «ሁለት ሺህ ባለ ሱቆች በየዕለቱ ሽያጫቸውን በስልክ የሚመዘግቡበት ድርጅት አለኝ፤ ፕሮግራሙ መዝገቡን አይቶ ዱቤውን የሚከፍለውንና የማይከፍለውን ለይቶ ይነግርዎታል፤ ይግዙኝ» ይለዋል። ነገሩ ያስጎመጃል። ነገር ግን ሻጩ ያለኝ የሚለው ነገር በእርግጥ አለን? ካለስ ሊሸጠው መብት አለውን?

በዚህ ረገድ የከተማችን ታሪክ የሚያስታውሰን ነገር አለ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መነሻነት የተቋቋመው ኩባንያ ሐዲዱን በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ካደረሰ በኋላ ገንዘብ አጥሮት ከሠረ። ሐዲዱ በምድር ላይ ተዘርግቶ ማንም የሚያየው ነበር። ሆኖም ሥራውን ወደ አዲስ አበባ ለመቀጠል በ1900 ዓ.ም. ሌላ ፈቃድ ማግኘት አስፈለገ፤ ባቡሩም አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ብረቱና የመጠቀም መብቱ ለየብቻቸው የሚቆሙ ነገሮች ናቸው። የመዝገብና የፕሮግራም ነገርም እንደዚሁ ነው።

አስቀድሞ የሚመረመረው መዝገቡ እውነተኛ መሆኑ ነው። ጄ.ፒ. ሞርጋን የተባለው ታላቁ የአሜሪካ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2021 ፍራንክ የሚባል የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅት በ175 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ድርጅቱ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሸጥ ባይሆንም፥ የተገዛው ስለ መዝገቡ ነበር። ሻጯ ከአራት ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አሉኝ ስትል፥ በእርግጥ የነበሩት ከሦስት መቶ ሺህ ያነሱ ናቸው። ባንኩ ዝርዝሩን አሳዩኝ ባለ ጊዜ አንድ የመረጃ ዐዋቂ ተቀጥሮ የሌሉ ሰዎችን ስምና አድራሻ በኮምፒዩተር ፈጥሮ አቀረበ። ባንኩ ሐሰቱን የተረዳው ከግዢው በኋላ ለደንበኞቹ ደብዳቤ ልኮ አብዛኛው ሳይደርስ በተመለሰ ጊዜ ነው። ሻጯ እ.ኤ.አ. በ2025 ጥፋተኛ ተብላ ከሰባት ዓመት በላይ እስራት ተፈረደባት። እንዲህ ያለ ባንክ ከተታለለ የእኛ አስመጪ ከሁለቱ ሺህ ባለ ሱቆች መካከል ራሱ የመረጣቸውን ሠላሳ ያህሉን፥ ከመፈረሙ በፊት በእግሩ ሄዶ ቢጠይቅ ማንም አይስቅበትም። ሻጩ የመረጣቸውን ሠላሳ ሰዎች መጠየቅ ግን ምንም አይጠቅምም።

መዝገቡ እውነተኛ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል፤ ይኸውም በምን ፈቃድ እንደ ተሰበሰበ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ፥ የሰውን የግል መረጃ የሚይዝ ሁሉ በሕግ የታወቀ ምክንያት ሊኖረው፣ ለአንድ ጉዳይ የሰበሰበውንም ከዚያ ጋር ለማይስማማ ጉዳይ እንዳያውለው ግዴታ አለበት። ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እንግዲህ ባለ ሱቁ ሽያጩን የመዘገበው ሒሳቡን ለራሱ ለመያዝ ከሆነ፥ ያው መዝገብ ዱቤ የሚከለክለውን ፕሮግራም ለማስተማር ውሎ ሲገኝ ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ስለዚህ ባለ ሱቆቹ የተስማሙበትን ጽሑፍ ቃል በቃል ማንበብ ያስፈልጋል። ጽሑፉ በማይገባቸው ቋንቋ ቀርቦላቸው እንደ ሆነም ያን ጊዜ ይታወቃል።

ጉዳቱ በመቀጫ ብቻ ላያበቃ ይችላል። ኤቨርአልበም የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ሰዎች ለማስቀመጥ ብቻ የሰጡትን ፎቶግራፍ ፊትን የሚለይ ፕሮግራም ለማስተማር በመጠቀሙ፥ የአገሩ የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ፎቶግራፉን ብቻ ሳይሆን ከፎቶግራፉ የተማረውን ፕሮግራም ጭምር እንዲያጠፋ አዘዘ። የአሜሪካ ውሳኔ በእኛ አገር አይሠራም። ሆኖም ገዢው ብዙ ገንዘብ የከፈለበት ነገር በአንድ ትእዛዝ ባዶ ሊሆን እንደሚችል ያስረዳል።

የፕሮግራሙን ባለቤትነት በሚመለከት፥ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን በጥበቃው ውስጥ ያስገባል፤ ተቀጣሪ በሥራው ያዘጋጀውም ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ነው። ነገር ግን እነዚህ ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ የሚጀመሩት በሁለት ሦስት ጓደኛሞች ነው። ማኅበሩ ከመመዝገቡ በፊት፣ ያለ ቅጥር ውል፣ በአንዱ ቤት የተጻፈ ፕሮግራም የማን ነው? ጽፎ የሄደው ጓደኛ መብቱን ለማኅበሩ ያስተላለፈበት ሰነድ ካልተገኘ፥ ገዢው ከከፈለ በኋላ አንድ ቀን በሩን የሚያንኳኳ እንግዳ ይኖረዋል።

ከዚህም በላይ በአገር ውስጥ ተሠራ የሚባለው ፕሮግራም አንዳንዴ ከባሕር ማዶ ኩባንያ በየወሩ በዶላር በሚከራይ ሞተር ላይ የተደረበ ካባ ሆኖ ይገኛል። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። አስመጪ ሁሉ እንደሚያውቀው ግን ዶላሩ በጊዜው ካልተገኘ ሞተሩ ይቆማል። የኪራዩ ውል ድርጅቱ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ የሚቀጥል መሆኑን፣ የደንበኞች መረጃም በዚያ በኩል ከአገር የሚወጣ እንደ ሆነ አዋጁ መረጃን ወደ ውጭ ስለ መላክ ያወጣው ሁኔታ መሟላቱን መመርመር ይገባል።

ፕሮግራሙ ለደንበኛ የተናገረው ቃልስ ማንን ያስገድዳል? ኤር ካናዳ የተባለው አየር መንገድ በድረ ገጹ የሚመልሰው ፕሮግራም ለአንድ ሐዘንተኛ መንገደኛ ስለ ቅናሽ ዋጋ የተሳሳተ መልስ በሰጠ ጊዜ፥ ፕሮግራሙ ለሥራው ራሱ ኀላፊ ነው ብሎ ተከራክሮ ነበር። የካናዳው ዳኛ ይህን ሳይቀበል እ.ኤ.አ. በ2024 አየር መንገዱ ልዩነቱን እንዲከፍል ፈረደ። ገንዘቡ ጥቂት ነው። ገዢው ግን ፕሮግራሙ ባለፈው ዓመት ለስንት ሰው ምን እንደ መለሰ፣ ስንቱም አቤቱታ እንዳቀረበ መጠየቅ አለበት፤ አክሲዮን ገዝቶ ማኅበሩን እንዳለ የሚረከብ ሰው የማኅበሩ ዕዳና ክስ ከማኅበሩ ጋር ይከተሉታልና። ፕሮግራሙንና መዝገቡን ለይቶ መግዛት ከዚህ ሸክም ከፊሉን ሊያቀልል ይችላል፤ ነገር ግን የደንበኞቹ ስምምነት ወደ አዲሱ ባለቤት መሻገሩ እንደ ገና መጣራት ይኖርበታል።

አንድ ነገር ልጨምር። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ መደብሩን የሸጠ ሰው በአካባቢው ተመሳሳይ ንግድ እንዳይከፍት ለአምስት ዓመት ይከለክለው ነበር። ስለ ነጋድያንና ስለ ንግድ ማኅበሮች የሚናገሩትን ክፍሎች አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተክቷቸዋል። አካባቢ የሚለው ቃል ለሱቅ የታሰበ ነው፤ ፕሮግራም ግን በኪስ ተይዞ ይሄዳል፤ ሻጩም ሌላ ቅጂ አስቀርቶ በሳምንቱ ሐዋሳ ላይ ሊከፍት ይችላል። ስለዚህ ቅጂ አለማስቀረቱ፣ የትም ቦታ ሆኖ በዚያው ፕሮግራም አለመነገዱ፣ መዝገቡም በሕጋዊ መንገድ የተሰበሰበ መሆኑ በውሉ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ። ከዋጋውም ከፊሉ ሁለቱ ወገኖች በሚያምኑት ሰው እጅ ለተወሰነ ጊዜ ቢቀመጥ፥ ሻጩ ቃሉን እንዲያከብር ከማናቸውም መሐላ ይልቅ ይረዳል።

ባለ ሱቆችም ይህን ጉዳይ የገዢና የሻጭ ብቻ አድርገው እንዳያዩት ያስፈልጋል። የሚሸጠው የእነርሱ የዕለት ሽያጭ ነው። በስልካቸው የሒሳብ መዝገብ የሚይዙ ሁሉ ሲመዘገቡ በምን እንደ ተስማሙ ዛሬውኑ ድርጅቱን በጽሑፍ ቢጠይቁ፥ ዱቤ በተከለከሉ ቀን ምክንያቱን ለመጠየቅ የሚይዙት ሰነድ ይኖራቸዋል።