የሃረና ቡና ከጫካ እስከ ገበያ ስንት እጅ ይነካዋል?

እስቲ አንድ ፈረሱላ ጀንፈል ይዘን ከሃረና እንነሣ። ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ታውቃላችሁ። ቡናውን ማንም አልተከለውም፤ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የበቀለ ነው። ለቀማውና ማድረቁ ግን የናንተው ጉልበት ነው። ይህ ቡና ውጭ አገር ደርሶ በስኒ እስኪቀርብ ብዙ ገንዘብ ይወጣበታል። ከፊሉ የጭነት ነው። ከደሎ መና ወደ ጎባ የሚወጣው መንገድ ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ተራራውን ዝቅ ማድረግ አንችልም። ሌላው ወጪ ግን እንዲህ በዓይን አይታይም።

ሻጭ ገዢ ፍለጋ ይዞራል። ገዢው ቡናው መድረቁን፣ ጠጠር አለመግባቱን ለማወቅ ጆንያውን ፈትቶ ይዘረግፋል። ሻጩ ሚዛኑን አያምንም፤ ገዢውም ሻጩን አያምንም። ይከራከራሉ፣ ደላላ ይገባል። በዱቤ ከሆነማ ገንዘቡ ይቀራል የሚል ሥጋት አለ። ይህ ሁሉ ፍለጋ፣ ምርመራና ክርክር ዋጋ አለው። ሊቃውንቱ የመገበያያ ወጪ ይሉታል። በቡናው ላይ አንዲት ፍሬ አይጨምርም። ታዲያ ማን ይከፍለዋል? ገዢው የሚያወጣውን አስቀድሞ ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ሸክሙ የሚከብደው ከገበያ በራቀውና ሌላ ገዢ በሌለው ገበሬ ላይ ነው።

ሆላንድን እንይ። ትንሽ አገር ነች፤ ከመሬቷ ሩብ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች ነው። ቡና አይበቅልባትም፤ ነገር ግን ከ300 ዓመት በላይ ቡና ስትነግድ ኖራለች። እንዴት ሆነላት? በከተሞቿ የሕዝብ ሚዛን ቤት ነበር። ትልቅ ጭነት የሚመዝነው ሻጩም ገዢውም ሳይሆን የከተማው መዛኝ ነው። እሱ የመዘነውን ሁለቱም ያምናሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1609 ደግሞ የአምስተርዳም ከተማ ባንክ አቋቋመች። በዚያ ዘመን የብዙ አገር ሳንቲም፣ የተሸራረፈውም ጭምር፣ ገበያውን ሞልቶት ነበር። ባንኩ ሳንቲሙን መርምሮ ይቀበላል፤ ነጋዴዎቹ ከዚያ ወዲያ በመዝገብ ላይ ካንዱ ስም ወደ ሌላው ያዛውራሉ። በየጊዜው ሳንቲም መመርመር ቀረ። ሀብታቸው ከዚህ ብቻ መጣ ማለታችን አይደለም። የጃቫ ገበሬ ተገዶ ያመረተው ቡናም አለበት።

በኛም አገር የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ ያሳትሙ ነበር። የወርቁን ጽሕፈት በግሪክኛ አደረጉት፤ በባሕር የሚመጣው ነጋዴ የሚያነበው እሱን ነውና። በኋላ ዘመን ግን በአሞሌ ጨው ተገበያየን። አሞሌ ይሰበራል፤ ዝናብ ካገኘውም ይሟሟል።

የቅርቡን ሽማግሌዎች ያስታውሱታል። እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ ገበሬው እህሉን በኮታ ለመንግሥት ድርጅት ያስረክብ ነበር። ነጋዴ እህል ጭኖ ሲሄድ ኬላ ላይ ይያዛል። በዚያ ዓመት ኮታውና ክልከላው ቀረ። ከዚያ በኋላ እህል በተረፈበትና እህል በጠፋበት ገበያ መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት ጠበበ። መንገዱ ያው የድሮው መንገድ ነበር፤ የተነሣው ገመዱ ነው።

በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። ቡና በ2001 ዓ.ም. ገባበት። ቡናው መጋዘን ውስጥ ይመዘናል፣ ተቀምሶ ደረጃ ይወጣለታል። ገዢው ጆንያ ሳይፈታ በደረጃው ይገዛል፤ ክፍያው በባንክ በኩል ይፈጸማል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ጉድለት ነበረው። ቡናው በደረጃ ሲደባለቅ የማን ጫካ ቡና መሆኑ ጠፋ። የዱር ቡና ብሎ የበለጠ ሊከፍል የመጣ ገዢ ምልክቱን አጣው። የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ ስለሚችሉ ከዚህ ችግር ድነዋል። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና አዋጅም ለሌላው መንገዱን ከፈተ።

አሁን ወደናንተ እንመለስ። መቶ ገበሬ እያንዳንዱ አንድ ፈረሱላ ቢሸጥ፣ መቶ ጊዜ ምርመራ፣ መቶ ጊዜ ክርክር ነው። ቡናቸውን አንድ ላይ ቢያደርጉት 17 ኩንታል ይሆናል። ገዢው አንድ ጊዜ መርምሮ አንድ ጊዜ ይከፍላል። ያተረፈውን ድካም በዋጋ እንዲያካፍል መጠየቅ ይቻላል። ስትመዝኑ ሚዛኑ ባዶውን ሳለ ዜሮ ላይ መቆሙን ራሳችሁ አንብቡ፤ ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህም ነው። ቡናውን ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ አድርቁት። ከመቶው አንዱ እርጥቡን ቢቀላቅል ሻጋታው ወደ ሌላው ይተርፋል። ስለዚህ ተቀባዩ ከመደባለቁ በፊት በእጁ ይፈትሸው፣ ኪሎውንና የባለቤቱን ስም መዝገብ ላይ ይጻፍ።