ውሻው ሸትቶ ሲመለስ፦ ከሳሙናው በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

ሌሊቱን በረት ሲጠብቅ ያደረ ውሻ ማለዳ ሜዳውን ዞሮ ሲመለስ ሽታው ከሩቅ ይቀድመዋል። እረኛው ድንጋይ ያነሣበታል፣ ሾፌሩ ከመኪናው ያባርረዋል፣ ነጋዴውም አፍንጫውን በሻሹ ይሸፍናል። ነገሩ የሚያስቅ ይመስላል። እኔ ግን የእንስሳትን በሽታ በገበያ ዋጋ ስተምን በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ከዚህ ሽታ ጀርባ ብዙ ጊዜ የሚጣል ጉበትና የሚከስር ነጋዴ እንዳለ ተረድቻለሁ። ስለዚህ ውሻውን ከማጠብ በፊት «የት ውሎ መጣ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሦስት ዓይነት ሽታ

የመጀመሪያው የእርጥብ ውሻ ጠረን ነው። በውሻ ቆዳና ፀጉር ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ሽታ ያላቸውን ንጥረ ነገሮች ያመርታሉ። ውሻው ዝናብ ሲመታው ወይም ኩሬ ሲገባ እነዚህ ከውሃው ትነት ጋር ወደ አየር ይወጣሉ። ፀጉሩ ሲደርቅ ጠረኑም ይቀንሳል። ይህ ጉዳት የለውም።

ሁለተኛው ከውሻው ከራሱ ሕመም የሚመጣ ነው። ጆሮው ውስጥ ቁስል ካለ፣ ጥርሱ ከበሰበሰ፣ ቆዳው በእከክ ከተያዘ ወይም ቁስሉ ትል ካፈራ ሽታው በአጠባ አይለቅም። የበሰበሰ ዓሣ የሚመስል ሽታ ከጅራቱ ሥር ከመጣ ደግሞ በፊንጢጣው ግራና ቀኝ ያሉት ዕጢዎች ሞልተው ወይም ታመው ሊሆን ይችላል። ይህ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው።

ሦስተኛው የጥንብ ሽታ ነው። ውሻ የበሰበሰ ነገር ሲያገኝ አንገቱንና ትከሻውን እያሸ ይንከባለልበታል፤ ይበላዋልም። ነጋዴውን በእጅጉ የሚመለከተው ይህ ነው።

አጠባው

ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት መንገድ ላይ ቁጠባ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ደረቁን ቆሻሻ በብሩሽ ወይም በሻካራ ጨርቅ አራግፉ። ከዚያ የሸተተውን ቦታ ብቻ አርጥባችሁ ለስላሳ ሳሙና ቀቡ፤ ጥቂት ደቂቃ አቆይታችሁ በደንብ አለቅልቁ። የቀረ ሳሙና ቆዳውን ያሳክከዋል፤ የታከከ ቆዳ ደግሞ ቆስሎ ይሸታል። በጨርቅ አድርቃችሁ ፀሐይ ላይ ተዉት። ጆሮው ውስጥ ውሃ አታፍስሱ። ከብቶች ከሚጠጡበት ገንዳም ራቁ።

በረኪና አይሞከርም። ለከብት መዥገር የሚረጨውን ዲያዚኖን በግምት በጥብጦ ውሻ ላይ ማፍሰስም ሊገድለው ይችላል፤ ውሻ ፀጉሩን ይልሳልና መርዙ በአፉም ይገባል።

በቀጣናችን ብዙው ሙስሊም ነጋዴ የሻፊዒን መዝሃብ ይከተላል። በዚህ ሥርዓት እርጥብ ውሻ የነካው ዕቃ ወይም ልብስ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባል። ስለዚህ የውሻውን ሥራ ለአንድ ሰው መስጠት፣ ገመዱንና የምግብ ዕቃውንም መለየት ለሁሉም ይቀላል። አጣቢው የላስቲክ ጓንት ያድርግ፣ ሲጨርስም እጁን በሳሙና ይታጠብ። ለዚህ የጤና ምክንያትም አለ።

የጥንቡ ሒሳብ

በጥንብ የሸተተ ውሻ ጥሬ ጉበትና ሳንባ ሳይበላ አልቀረም ብሎ ማሰብ ይሻላል። ጉበቱ በውሃ የተሞላ ከረጢት ካለበት፣ በውሻው አንጀት ውስጥ ኢኪኖኮከስ የሚባል ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚረዝም የኮሶ ትል ዝርያ ይራባል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ሣርና ውሃ ላይ ይቀራል፤ ፀጉሩም ላይ ይጣበቃል። በግ፣ ፍየል፣ ከብትና ግመል ከሣሩ ጋር ይውጡታል። ሰውም ውሻውን ዳስሶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ይይዘዋል። ከረጢቱ በጉበትና በሳንባ ላይ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። ሰው ላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። በሰሜን ምዕራብ ኬንያ ያለው የቱርካና አካባቢ በዚህ በሽታ በዓለም ላይ እጅግ ከተጠቁት ውስጥ የሚቆጠር ነው።

ከረጢት ያለበት ጉበት ቄራ ሲደርስ ይወገዳል። ለምሳሌ ከ100 ፍየል የ10ሩ ጉበት ቢጣልና አንዱ ግማሽ ኪሎ ቢመዝን 5 ኪሎ ጉበት ጠፋ ማለት ነው። በከብትና በግመል ሲሆን ኪሳራው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ዕድሜው የገፋ እንስሳ ደግሞ ከረጢት የመያዝ ዕድሉ ሰፊ ነው። በቁም የሚሸጥ ነጋዴ ጉበቱን አያይም። አራጁ ግን ያያል፤ ከአንድ አካባቢ የመጣ መንጋ ደጋግሞ ካከሰረውም በሚቀጥለው ጊዜ ዋጋ ይቀንሳል። በጎች ላይ አዙሪት የሚያመጣውም የሌላ የውሻ ኮሶ ትል ዝርያ ነው።

ምን ይደረግ?

• መንገድ ላይ የታረደ ወይም የሞተ እንስሳ ሆድ ዕቃ ጥሬውን ለውሻ አይሰጥ። ውሻና ጅብ እንዳያወጡት ጠልቆ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ለውሻው ሊሰጥ ከሆነ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀቀል።

• በድንገት የሞተና ደም ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የሚወጣ እንስሳ አባሰንጋ ሊሆን ስለሚችል አይከፈት። ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር።

• ውሻው በየስድስት ሳምንቱ ገደማ ፕራዚኳንቴል ይዋጥ። መጠኑ ለ1 ኪሎ ክብደት 5 ሚሊ ግራም ስለሆነ ለ20 ኪሎ ውሻ 100 ሚሊ ግራም ይበቃል። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። ስለዚህ ከዋጠ በኋላ ለሁለት ሦስት ቀን ታስሮ ይቆይ፣ ዓይነ ምድሩም ይቀበር።

• የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ ይሰጠው፤ የክትባቱ ወረቀት ከመንጋው ሰነድ ጋር ይያዝ።

የውሻ ክኒን ዋጋና አንድ የተጣለ የከብት ጉበት የሚያስከፍለውን እያንዳንዱ ነጋዴ በሚሸጥበት ገበያ ማወዳደር ይችላል። በሚቀጥለው ጉዞ ውሻው ጥንብ ሸትቶ ሲመጣ አንድ ሰው በመጣበት አቅጣጫ ተልኮ ያልተቀበረውን ይፈልግ። አጠባው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።